ከመጥረጊያ ሽቦ የተወለደ ጊታር

ሙዚቃ ለመማር የተመኘ ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የመሣሪያውን ዋጋ ነው። ዋጋውንም በሰማ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ምኞቱን እንደ ክረምት ልብስ አጣጥፎ ሣጥን ውስጥ ያኖረዋል። «ደመወዜ ሲጨመር»፥ «ትምህርቴን ስጨርስ»፥ «ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ሳገኝ» እያለ ቀጠሮ ይሰጠዋል። ቀጠሮውም «ነገ ተመለስ» እየተባለ ዓመቱን ይፈጃል። እኔ ራሴ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለሆንኩ ቀጠሮ ምን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ።

ዛሬ ለአንባብያን ላወጋ የፈለግሁት ግን ለምኞታቸው ቀጠሮ ስላልሰጡ ሰዎች ነው። እነዚህ ሰዎች ጊታር የሚገዙበት ገንዘብ ስላልነበራቸው ከመጥረጊያ ላይ ሽቦ ፈትተው፥ ግድግዳ ላይ ሚስማር መትተው፥ ከመንገድ ባዶ ጠርሙስ አንሥተው ለራሳቸው መሣሪያ ሠሩ። በዚህ ዓይነት ያደገውም ሙዚቃ ኋላ በዓለም ዙሪያ ለሚደመጠው ዘመናዊ ዘፈን አንዱ ዋና ሥር ሆነ። አገራቸው አሜሪካ ነው፤ ሙዚቃቸውም ብሉዝ ይባላል።

ነገሩን እንድከታተለው ያደረገኝ የእኅቴ ልጅ ነው። በሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ የሚማር ልጅ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ በብብቱ ይዞ መጣና «ጋሼ፥ ይህን ጊታር አደርገዋለሁ፤ ያውም የኤሌክትሪክ!» አለኝ። ማን እንዳስተማረው ብጠይቀው፥ በአሜሪካ ከነዳጅ ቆርቆሮ ጊታር የሚሠራ ሰው በፊልም ማየቱን ነገረኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱ በመዶሻ፥ እኔ በመጽሐፍ ጉዳዩን ያዝነው።

መጻሕፍቱ በመጀመሪያ የወሰዱኝ ወደ ሚሲሲፒ ነው። በዚያ ክፍለ ግዛት ሰሜን ምዕራብ፥ በሚሲሲፒና በያዙ ወንዞች መካከል ዴልታ የሚባል ሜዳ አለ። አፈሩ ጥቁርና ለም ሲሆን የዱሮ ሀብቱ ጥጥ ነበር። ባርነት በአሜሪካ በሕግ የቀረው በ1865 ነው (ስለ ውጭ አገር ስናገር የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ይሁን እንጂ ነጻ ለወጡት ጥቁሮች መሬት የሰጣቸው የለም። ስለዚህ ብዙዎቹ የባለርስቱን መሬት እያረሱ ከሰብሉ መካፈል ጀመሩ። ባለርስቱ ዘሩንም፥ በቅሎውንም፥ የዓመቱን ቀለብም በብድር ይሰጣል፤ መኸር ሲገባ ሒሳቡን የሚያሰላውም እሱ ራሱ ነው። ጭሰኛው ዓመቱን ሙሉ ሲለፋ ከርሞ ብዙውን ጊዜ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ዕዳ ይዞ ነው። ከአያቶቹ አፍ ስለ ጭሰኝነት ሲወራ ሰምቶ ያደገ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

በእንደዚህ ዓይነቱ ቤት የተወለደ ልጅ ጊታር ከየት ያመጣል? በዚያን ጊዜ መጥረጊያ የሚታሰረው በቀጭን የብረት ሽቦ ነበር። ልጁ እናቱ ሳታየው ሽቦውን ይፈታና በጎጆው ግድግዳ ላይ በሁለት ሚስማሮች መካከል ይወጥረዋል። ከሽቦው ሥር ጠርሙስ ወይም ትንሽ ቆርቆሮ ይሸጉጣል። ይህም በእኛ ክራር ላይ በርኩማ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል፤ ሽቦውን ከፍ አድርጎ ይይዛል፥ ንዝረቱንም ወደ እንጨቱ ያስተላልፋል። ከዚያ በአንድ እጁ ሽቦውን ይመታል፤ በሌላው እጁ ደግሞ ጠርሙስ ወይም ቢላዋ በሽቦው ላይ ወዲያና ወዲህ ያንሸራትታል። ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሳበ እንደ ሰው ያለቅሳል። የመሣሪያው ሆድ ግድግዳው ነውና ቤቱ በሞላ ያዜማል። ስሙ ዲድሊ ቦው ይባላል።

የሙዚቃ ታሪክ ተመራማሪው ዴቪድ ኤቫንስ በ1970 ስለ እነዚህ ባለ አንድ ክር መሣሪያዎች ባሳተመው ጥናት ምንጫቸው አፍሪካ መሆኑን አስረድቷል። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ልጆች በአንድ ክር የሚጫወቱባቸው ተመሳሳይ መሣሪያዎች አሉ። በባርነት የተወሰዱት ሰዎች መሣሪያዎቻቸውን ይዘው ለመሻገር አልቻሉም፤ የመሣሪያውን አሠራር ግን ማንም ከጭንቅላታቸው ሊቀማቸው አልቻለም።

ሁለተኛው የድኻ ጊታር የሚሠራው ከሲጋር ሣጥን ነው። ሲጋር በትናንሽ የእንጨት ሣጥኖች ይሸጥ ስለነበረ ባዶው ሣጥን በየቤቱ ይገኛል። ቀጭኑ እንጨት ድምፅ በመስጠት የታወቀ ነው፤ ለአንገቱ የመጥረጊያ ዘንግ ወይም ጣውላ ይበቃዋል። ታላቁ የቴክሳስ ብሉዝ ተጫዋች ላይትኒን ሆፕኪንስ በልጅነቱ የመጀመሪያ ጊታሩን ከሲጋር ሣጥን እንደሠራ ራሱ ተናግሯል። ስለ ዓይነ ስውሩ ብላይንድ ዊሊ ጆንሰንም እንደሚተረከው፥ የመጀመሪያውን ጊታር ከሲጋር ሣጥን የሠራለት አባቱ ነው። ይህ ሰው በ1927 በዳላስ ከተማ በሸክላ የቀረጸው እንጉርጉሮ በ1977 ወደ ሕዋ በተላኩት በሁለቱ የቮያጀር መንኰራኵሮች የወርቅ ሸክላ ላይ ተቀርጿል። እነሆ፥ በሲጋር ሣጥን የጀመረ ድምፅ ዛሬ ፀሐይና ፕላኔቶቿን ወደ ኋላ ትቶ በከዋክብት መካከል ይጓዛል!

ዳሩ ግን እንዲህ ያለው ጊታር ዝግ ያለ ድምፅ ነበረው። ከ1910 እስከ 1970 ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቁር አሜሪካውያን ደቡቡን ለቅቀው ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ከተሞች ተሰደዱ። ከእነርሱ አንዱ የትራክተር ነጂው መዲ ዋተርስ ነበር፤ በ1943 ከዴልታ ተነሥቶ ቺካጎ ገባ። በጥጥ እርሻ መካከል በጸጥታ የሚሰማ ጊታር በቺካጎ መጠጥ ቤት ጫጫታ ውስጥ ይዋጣል። ስለዚህ መዲ ዋተርስ የኤሌክትሪክ ጊታር ያዘ፤ ብሉዝም ከእርሱና ከጓደኞቹ ጋር ከተሜ ሆነ።

እዚህ ላይ የእኅቴ ልጅ ሞያ ይመጣል። ጊታር በኤሌክትሪክ የሚሠራው እንዴት ነው? ምሥጢሩን እንግሊዛዊው ፋራዳይ በ1831 አግኝቶት ነበር። በማግኔት አጠገብ ብረት ሲንቀሳቀስና የማግኔቱ ኃይል ከፍ ዝቅ ሲል፥ በማግኔቱ ዙሪያ በተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። የጊታሩ ክር በሴኮንድ 200 ጊዜ ቢንቀጠቀጥ ኤሌክትሪኩም 200 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ይህ ደካማ ኤሌክትሪክ ወደ ማጉያው ሄዶ ይበረታል፤ ከዚያም በድምፅ ማጉያው በኩል እንደገና ድምፅ ይሆናል። በጊታሩ ላይ ያለችውን ማግኔትና ጥቅል ሽቦ ሙዚቀኞች ፒክአፕ ይሏታል። የመዳቡ ሽቦ ከፀጉር የማይተናነስ ቅጥነት ሲኖረው ብዙ ሺህ ጊዜ ይጠመጠማል። ጆርጅ ቦሻምፕ በ1931 የሠራውና በማግስቱ ዓመት በሪከንባከር ፋብሪካ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው እውነተኛ የኤሌክትሪክ ጊታር ክብ ሆድና ረጅም አንገት ስለነበረው «መጥበሻው» ተብሎ ይጠራ ነበር።

ልጁ በዘይት ቆርቆሮው ላይ በመጀመሪያ የወጠረው በክራር ላይ እንደሚደረገው ናይለን ነበር። ምንም ድምፅ አልወጣም። «ጋሼ፥ ማግኔት ናይለንን አያውቀውም» አለና ሳቀ። ጅማትም ቢሆን ያው ነው፤ ለማግኔቱ የብረት ክር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከአሮጌ ቢስክሌት ፍሬን ገመድ ውስጥ አንዱን ቀጭን ሽቦ መዝዞ አወጣ። ፒክአፑን ደግሞ ጎረቤታችን ያለው ራዲዮ ጠጋኝ ከጣለው የጠረጴዛ ስልክ አገኘው። በአሮጌ ስልክ ማዳመጫ ውስጥ ማግኔትና ጥቅል ሽቦ አለ፤ ስስ የብረት ክዳኑን አንሥቶ ክሩን በላዩ ቢያሳልፉት እንደ ፒክአፕ ያገለግላል። አንገቱ የአልጋ ጣውላ ነው። በሁለቱ በርኩማዎች መካከል ያለውን ርቀት እንደ ተራው ጊታር 65 ሳንቲሜትር አደረገው። መካከሉ ላይ፥ ማለት በ32 ሳንቲሜትር ተኩል ላይ፥ ጠርሙሱን ሲያሳርፍ ያው ድምፅ በእጥፍ ቀጥኖ ይሰማል።

በቤታቸው ይህን ለመሞከር ለሚያስቡ ወጣቶች አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። አሮጌ ባለ አምፑል ራዲዮ ማጉያ ሊሆን ይችላል ተብሎ ጀርባው ያለ ዐዋቂ አይከፈትም፤ ከግድግዳው ተነቅሎም እንኳ ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማጉያ ግን ለጀማሪ ይበቃዋል።

መሣሪያው በተጠናቀቀበት ምሽት ራዲዮ ጠጋኙ ጎረቤታችን መጥቶ አዳመጠ። ልጁ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ በክሩ ላይ ሲያንሸራትት ሻካራ፥ የተጎተተ፥ ሆድ የሚያባባ ድምፅ ወጣ። ጎረቤታችን ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «ይህማ ጊታር አይደለም፤ ኤሌክትሪክ የበላ ማሲንቆ ነው!» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ ነገሩ ግን ቁም ነገር ነበረው። ማሲንቆም አንድ ክር ብቻ አለው፤ በአንገቱ ላይ ጣት የሚያርፍበት ምልክት የለም፤ ድምፁን የሚያገኘው ጆሮ ነው። ዲድሊ ቦውም እንዲሁ ነው። የብሉዝ ዜማ በአብዛኛው የሚመላለሰው በአምስት ድምፆች ነው፤ ትዝታና ባቲም አምስት አምስት ድምፆች አሏቸው። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው ለማለት አልደፍርም፤ አንዱ የሌላውን ቋንቋ በቶሎ እንደሚሰማ ግን በዚያ ምሽት በጆሮዬ አረጋግጫለሁ። ክራራችንም ቢሆን ከኤሌክትሪክ ጋር ከተዋወቀ ሰንበትበት ብሏል። በተመስገን ዘለቀ የሚመራው፥ በለንደን የተቋቋመው የክራር ኮሌክቲቭ ቡድን ክራርን በማጉያ እየተጫወተ በ2012 አልበም አውጥቷል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ጣጣ ግን የሽቦ ጣጣ አልነበረም። እኅቴ ድምፁን ከውጭ ሰምታ ገባችና ቆርቆሮውን አየችው። «አንተ ነህ ልጄን የምታበላሽብኝ! ፈተናው ደርሶ ሳለ አዝማሪ ልታደርግልኝ ነው?» አለችኝ።

አንባብያን ሆይ፥ ይህ ቃል ቀላል አይደለም። በአገራችን ለብዙ ዘመን ሁለት ዓይነት ሰዎች ተንቀው ኖረዋል፤ አንደኛው ዜማ የሚያወጣው አዝማሪ፥ ሁለተኛው ብረት የሚሠራው ቀጥቃጭ። ሠርጉ ያለ አዝማሪ አይደምቅም፤ እርሻው ያለ ቀጥቃጭ አይታረስም፤ ሆኖም ልጅን ለሁለቱም መዳር ነውር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአገራችን አቆጣጠር የእጅ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ እስከ ማወጅ ደርሰው ነበር። አዋጅ ምላስን ይይዛል እንጂ ልብን ቶሎ አይለውጥምና ንቀቱ ከአዋጁ በኋላ ብዙ ኖረ። እንግዲህ አንድ ልጅ ቆርቆሮ ቀጥቅጦ ዜማ ሲያወጣበት ቀጥቃጭም አዝማሪም ሆነ ማለት ነው፤ በዱሮው ዘመን ቢሆን ሁለት ጊዜ ይሰደብ ነበር።

እኔም እኅቴን ለማለዘብ ያነበብሁትን አንድ ታሪክ ነገርኳት። «እትዬ፥ ደብልዩ ሲ ሃንዲ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነበረ። በልጅነቱ ገንዘብ አጠራቅሞ ጊታር ገዛ። አባቱ ቄስ ነበሩና ተቆጥተው ጊታሩን መለሱና በመዝገበ ቃላት እንዲለውጥ አደረጉት። ልጁ ግን ሙዚቀኛ ከመሆን አልቀረም። በ1903 ገደማ በሚሲሲፒ፥ ተትዋይለር በምትባል ትንሽ የባቡር ጣቢያ ባቡር ሲጠብቅ፥ ልብሱ የተቀዳደደ አንድ ድኻ በጊታር ክር ላይ ቢላዋ እያንሸራተተ ሲያንጎራጉር ሰማ። ያንን ዓይነት ዜማ በኖታ እየጻፈ ለዓለም ካስተዋወቁት ሰዎች ዋናው እሱ ነው። በ1941 የሕይወት ታሪኩን በመጽሐፍ አወጣ» አልኳት።

እኅቴ መምህርት ናት፤ በቀላሉ አትረታም። «እሺ፤ መዝገበ ቃላቱን ባይቀበል ኖሮ መጽሐፉን በምን ይጽፈው ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ልጁ ከእኔ ይልቅ በእናቱ መልስ ሳቀ።

ስለዚህ የሌላ ልጅ ታሪክ ጨመርኩላት። ብራያን ሜይ የሚባል እንግሊዛዊ በ1963 ገና ተማሪ ሳለ ከአባቱ ጋር ሆኖ የኤሌክትሪክ ጊታር መሥራት ጀመረ። አንገቱን የጠረቡት ከአሮጌ የእሳት ማንደጃ ዙሪያ ከተነሣ እንጨት ነው። ስፕሪንጎቹ የአሮጌ ሞተር ቢስክሌት ናቸው፤ በአንገቱ ላይ የሚያብረቀርቁት ነጠብጣቦች ደግሞ የእናቱ ልብስ ቁልፎች ነበሩ። ኋላ ኩዊን የተባለው ቡድን ጊታር ተጫዋች ሆኖ ዓለምን ሲዞር የያዘው ይህንኑ መሣሪያ ነው። የጀመረውንም የከዋክብት ጥናት አልጣለውም፤ በ2007 የዶክትሬት ማዕረጉን ተቀበለ። እኅቴ ይህን ስትሰማ «አባቱ አብሮት መሥራቱ ነው ያዳነው» አለች። ከዚያም ፍርዷን ሰጠች፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቆርቆሮው ከግድግዳው አይወርድም፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ልጁ የፈለገውን ያድርግ። እኔም ለፈተናው ላስጠናው ቃል ገባሁ። እስከ ዛሬ ስምምነቱ ጸንቷል።

ልጁ በፊልም ያየው ባለ ነዳጅ ቆርቆሮ ማን እንደሆነም ኋላ ደረስኩበት። ጄምስ ጆንሰን ይባላል፤ የመድረክ ስሙ ሱፐር ቺካን ነው። በ1951 በዴልታ የተወለደ ሲሆን፥ ስሙም የወጣለት በሕፃንነቱ ከዶሮዎች ጋር እያወራ ይውል ስለነበረ ነው። የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ኋላ በክላርክስዴል ከተማ ሙዚቀኛ ሆነ። ከአሮጌ የቤንዚን ቆርቆሮና ከሲጋር ሣጥን የኤሌክትሪክ ጊታር ይሠራል፤ በላያቸውም የአገሩን ሕይወት በደማቅ ቀለም ይሥልባቸዋል። በዚያው ከተማ በ1979 የተቋቋመው የዴልታ ብሉዝ ሙዚየም ውስጥ ከመዲ ዋተርስ ጎጆ በተወሰደ ሳንቃ የተሠራ የኤሌክትሪክ ጊታር ይታያል። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካኝ ግን ሎኒ ፒችፎርድ ነው። ይህ ሚሲሲፒያዊ ዲድሊ ቦውን በኤሌክትሪክ እየተጫወተ በየአገሩ ዞሯል። በ1998 በ43 ዓመቱ ሲሞት በመቃብሩ ድንጋይ ጎን ላይ እውነተኛ ክር ተወጠረለት። ሊያስበው የመጣ ሁሉ ክሩን ሊመታው ይችላል።

ነገር ግን ይህን ሁሉ ሳወራ አንድ ነገር እንዳላሳስት እፈራለሁ። ድኽነት ሙዚቃ አይሠራም። ድኽነት ሙዚቃ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ በዓለም ላይ የሙዚቃ ችግር ባልነበረ! የሽቦ ጊታር የሠሩት ልጆች ገንዘብ ባገኙ ጊዜ አብዛኞቹ ወደ ሱቅ ሄደው ደህናውን ጊታር ገዝተዋል፤ ደግም አደረጉ። ቢ ቢ ኪንግ በ1949 በአርካንሳስ፥ ትዊስት በምትባል ቦታ ሲጫወት ሁለት ሰዎች ተጣልተው የሚነድ የኬሮሲን በርሜል ገለበጡና ቤቱ በእሳት ተያያዘ። እሱ ከወጣ በኋላ ጊታሩ ትዝ አለውና ወደ እሳቱ ተመልሶ አወጣው። ከዚያ ወዲህ፥ ሰዎቹ የተጣሉት ሉሲል በምትባል ሴት ምክንያት መሆኑን ስለሰማ፥ እንዲህ ያለውን ሞኝነት እንዳይደግም ጊታሮቹን ሁሉ ሉሲል ብሎ ጠራቸው። ጊታር ለማጣት ቅርብ የነበረ ሰው ካልሆነ ለጊታር እሳት ውስጥ የሚገባ የለም። ዛሬ ደግሞ በአሜሪካና በአውሮፓ የሲጋር ሣጥን ጊታር ለመዝናኛ ከነመሥሪያው ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ይህንንም አልነቅፍም፤ ግን የፊተኞቹ የሠሩት ለመዝናናት ሳይሆን ሌላ መንገድ ስላልነበራቸው መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ታዲያ ከእነዚህ ሰዎች ምን እንማር? እኔ የተማርኩት ይህን ነው። መሣሪያው ሲሟላ እጀምራለሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎድለው መሣሪያው አይደለም። በአንድ ክር ላይ ጆሮውን ያልቀጣ ሰው በስድስት ክር ላይ ስድስት ጊዜ ይሳሳታል። በአንድ ክር ጆሮውን የቀጣ ግን ስድስቱን ያገኘ ዕለት ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ይህም ለሙዚቃ ብቻ አይደለም። በየቢሯችን የተበላሸ ማሽን እስኪጠገን፥ በየትምህርት ቤታችን መጽሐፍ እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥ ሁሉ ያለችውን አንዷን ክር ወጥረን ለመጀመር እንችላለን። ይህን ስል ማሽኑ አይጠገን፥ መጽሐፉም አይምጣ ማለቴ አይደለም፤ የሚገባንን እየጠየቅን ባለን እንሥራ ማለቴ ነው።

ወላጆችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ልጃችሁ ከጓሮ ቆርቆሮ አንሥቶ መቀጥቀጥ ሲጀምር፥ ከማስጣላችሁ በፊት ምን እየሠራ እንደሆነ ጠይቁት። ምናልባት መልሱ እናንተንም መዶሻ ያስይዛችሁ ይሆናል።